ቼይንሶህ አጣሞ ከቆረጠ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም

ጥያቄው የመጣው ከሐዋሳ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ ቱላ በኩል ከአባታችን የቀረ ባህር ዛፍ አለን። እኔና ወንድሜ አምና ያገለገለ ቼይንሶ ገዝተን እሱን እየቆረጥን ለአጣናና ለማገዶ እንሸጣለን። መጀመሪያ ላይ አሪፍ ነበር። አሁን ግን ግንዱ ላይ አጣሞ ይገባል፣ ይጨሳል፣ በጉልበት ካልተጫንነው አይበላም። መካኒክ ጋ ወሰድነው፣ ፒስተኑ አልቋል፣ ሞተሩ ይታደስ አለን። መሣሪያ የሚሸጠው ልጅ ደግሞ ይሄን ተዉትና 105 ሲሲውን ውሰዱ፣ እሱ አያስቸግርም ይላል። ወደፊት ከተማ ውስጥ የሰው ግቢ ዛፍ እየቆረጥን ለመሥራትም አስበናል። የቱን ብንገዛ ይሻላል?»

አሁን ምንም ቼይንሶ አትግዙ። ሞተሩንም አታሳድሱ። የጻፍካቸው ሦስቱ ምልክቶች አንድ ላይ ሲመጡ የሚያመለክቱት ሰንሰለቱን ነው። ሞተር ሲደክም መጋዙ ቀስ ብሎ ይቆርጣል፣ ግንዱ መሃል ገብቶ ይቆማል፣ ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል። ወደ ጎን ግን አይሄድም። የሞተሩ ሥራ ሰንሰለቱን ማዞር ብቻ ነው። መጋዙን ወደ ቀኝ ወይ ወደ ግራ የሚወስደው ሰንሰለቱ ራሱ ወይም ሰንሰለቱ የሚሄድበት ረጅሙ ብረት፣ ባሩ ነው።

የሰንሰለቱን ጥርሶች ልብ ብለህ እያቸው። አንዱ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ እየተፈራረቁ ነው የተሠሩት። የሁለቱም ወገን ርዝመትና ስለት እኩል ሲሆን መጋዙ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አንደኛው ወገን ካጠረ ወይም ከዶለዶመ ግን መጋዙ ስል ወደሆነው ወገን ይሳባል። ይሄ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሞራጁ እጅ ነው። ሰው አንዱን ወገን በሚመቸው እጁ በደንብ ይሞርዳል፣ ወደ ሌላው ሲዞር አያያዙ ይለወጣል፣ ማዕዘኑም ይዛባል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። ለጥቂት ሳምንት ምንም አይታወቅም። ከዚያ በኋላ ግን ልዩነቱ በተራ ማስመሪያ ሳይቀር ይለካል።

ዛሬ ከሰዓት አንድ ነገር አድርግ። ሞተሩን አጥፋ፣ ጓንት አድርግ፣ ጥርሱን በጨርቅ ጥረግና ፀሐይ ወዳለበት አዙረህ የስለቱን ጠርዝ እይ። ስል ጠርዝ ብርሃን አይመልስም፣ ዓይንህ እዚያ ጋ ምንም አያገኝም። ጠርዙ ላይ እንደ ክር የቀጠነች ነጭ መስመር ካብረቀረቀች ዱልዱም ነው። ሁለተኛው ማረጋገጫ ሰጋቱራው ነው። ስል ሰንሰለት ግንዱን አቋርጦ ሲቆርጥ ጣት ላይ የሚቆጠር ሻካራ ፍቅፋቂ ይተፋል። ዱልዱሙ ግን ዱቄት ነው የሚያወጣው። የናንተው ዱቄት እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ «ካልተጫንነው አይበላም» ማለት እኮ ይሄው ነው። ስል ሰንሰለት በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ የሰው ሥራ መምራት ብቻ ነው።

ጭሱስ? ከየት እንደሚወጣ አልነገርከኝም፣ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ከግንዱና ከባሩ መሃል ከወጣ እንጨቱ በሰበቃ እየተቃጠለ ነው፣ ምክንያቱም ወይ ስለት የለም ወይ ዘይት እየደረሰ አይደለም። ከማርሚታው፣ ማለትም ከሞተሩ ጭስ ማውጫ በኩል ከወጣ ደግሞ የነዳጁ ድብልቅ ወይም የካርቦራቶሩ ጉዳይ ነው፣ እሱን ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ።

ሰንሰለቱ ተስሎም አጣሞ ከቆረጠ ወደ ባሩ እለፍ። ባሩን አውጥተህ በጠርዙ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ወይም መስታወት ላይ አቁመው። ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ሁለቱ ከንፈሮቹ እኩል አላለቁም ማለት ነው። ከንፈሩ በጠፍጣፋ ሞረድ ይስተካከላል፣ ቦዩ ከሰፋ ግን ባሩ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም። ሰንሰለቱ ባሩ ላይ እያለ በጣትህ ወደ ጎን ግፋው፤ በግልጽ ከተንጋደደ ቦዩ ሰፍቷል፣ ወይም ደግሞ ልኩ ያልሆነ ሰንሰለት ነው የተሸጠላችሁ። ይሄ ሁለተኛው በጣም የተለመደ ስለሆነ ጠበቅ አድርገህ አረጋግጥ። ሰንሰለት ሲገዛ ርዝመቱ መግጠሙ ብቻ አይበቃም። ቦዩ ውስጥ የሚገባው የታችኛው ጥፍር ውፍረት 1.3፣ 1.5 ወይም 1.6 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል። የ1.6 ባር ላይ የ1.5 ሰንሰለት ብታስገባ ይገባል፣ ይዞራል፣ ግን እየተወላገደ ነው የሚቆርጠው። ልኩ አብዛኛውን ጊዜ ባሩ እግር ላይ ተቀርጿል፤ ቆሻሻውን ጠርገህ አንብበው፣ ፎቶ አንሳውና ፎቶውን ይዘህ ወደ ሱቅ ሂድ። ባሩን ደግሞ ሰንሰለት በቀየርክ ቁጥር ገልብጠህ ግጠመው፣ አንዱ ወገን ብቻ እንዳያልቅ።

አሁን የሐዋሳን አፈር ላንሳ፣ ብዙ መሣሪያ የሚበላው እሱ ነውና። ያላችሁበት ስምጥ ሸለቆ ነው። አፈሩ ከእሳተ ገሞራ የመጣ አሸዋና ቀላል ድንጋይ አለበት፣ ይሄ ደግሞ ብረት ይፈጫል። ግንዱን መሬት ለመሬት ስትጎትቱት ቅርፊቱ ውስጥ አሸዋ ይሰገሰጋል፣ ከዚያ ቼይንሶው እሱን ሲነካ ጠዋት የተሳለው ሰንሰለት ምሳ ሳይደርስ ይዶለዱማል። የሰንሰለቱ ጫፍ ለአፍታ መሬት ከነካ ደግሞ እዚያው አለቀ። ስለዚህ የምትቆርጡበትን ቦታ ቅርፊት በፋስ ላጡት፣ የባህር ዛፍ ቅርፊት ለመላጥ አያስቸግርም። ግንዱ ሥር ሁለት አጫጭር ጉማጅ አስገብታችሁ ከመሬት አንሱት። እሱ ካልተቻለ ሦስት አራተኛውን ከላይ ቆርጣችሁ ግንዱን አገላብጡና የቀረውን ጨርሱ። ቀይ ባህር ዛፍ ከሆነ ደግሞ እንጨቱ ራሱ ከባድና ጠንካራ ነው፣ ሲደርቅ ይብሳል። በእርጥቡ መጎረድ ለሰንሰለቱም ለወገባችሁም ይሻላል።

ሞረድ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የምትቆጥቡት ገንዘብ ያለው እዚህ ነው። የሚያስፈልገው ክብ ሞረድ ነው፣ ውፍረቱም በሰንሰለቱ ፒች፣ ማለትም በሪቬቶቹ (ሰንሰለቱን በሚያያይዙት ምስማሮች) ርቀት ይወሰናል። ፒቹን ለማወቅ ተከታታይ ሦስት ሪቬቶች ወስደህ ከመጀመሪያው መሃል እስከ ሦስተኛው መሃል ለካና ለሁለት አካፍል። 8.25 ሚሊሜትር ከመጣ 0.325 ኢንች ነው፣ 4.8 ሚሊሜትር ሞረድ ይፈልጋል። 9.5 ከመጣ 3/8 ነው፣ ለሱ 5.2 ሚሊሜትር ይሆናል። ትንንሽ ቼይንሶ ላይ ያለው ዝቅ ያለው 3/8 ግን በ4 ሚሊሜትር ነው የሚሞረደው። በማይሆን ሞረድ የተሳለ ጥርስ ስል ይመስላል፣ እንጨት ሲነካ ግን አይዝም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባሩን ሞርሳ ላይ እሰረው፣ ጫካ ከሆንክ ጉቶ ላይ ስንጥቅ ከፍተህ ባሩን እዚያ አጣብቀው። ሞተሩ ይጥፋ፣ የሰንሰለቱ ፍሬን ይያዝ። ከሁሉም ያጠረውን ጥርስ ፈልገህ በቀለም ምልክት አድርግበት፤ መለኪያህ እሱ ነው፣ የቀሩት ሁሉ ወደሱ ርዝመት ይወርዳሉ። ሞረዱን ከጥርሱ ውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ግፋ። ስትመልስ አንሳው፣ ወደ ኋላ አትጎትት። ማዕዘኑ ለአብዛኛው ሰንሰለት 30 ዲግሪ ነው፣ ብዙዎቹ ጥርሱ አናት ላይ መስመር አላቸው፣ ሞረዱ ከዚያ መስመር ጋር ጎን ለጎን ይሂድ። ለእያንዳንዱ ጥርስ እኩል ግፊት ስጥ፣ ሦስት ከሆነ ሦስት፣ አራት ከሆነ አራት። አንዱን ወገን ስትጨርስ አንተ ዙር እንጂ እጅህን አታጣም። የሞረድ መያዣ ጋይድ ካገኘህ ግዛው፣ ማዕዘን ይጠብቅልሃል። በየአራት አምስት ሙርደቱ ደግሞ ከጥርሱ ፊት ያለችውን ጉብታ እይ፤ ከጥርሱ ጫፍ 0.65 ሚሊሜትር ገደማ ዝቅ ማለት አለባት፣ በጠፍጣፋ ሞረድና በመለኪያዋ ታስተካክላታለህ። እሷን «ቶሎ እንዲበላ» ብሎ አብዝቶ የሚሞርድ አለ። እባክህ ይሄን አታድርግ። መጋዙ እንጨቱን ነክሶ ይዘላል፣ የሚዘለውም ወደ ፊትህ ነው።

ዘይት ላይ አንድ ነገር። ለሰንሰለቱ የተቃጠለ ዘይት የምታደርጉ ከሆነ ዛሬውኑ አቁሙ። ውስጡ የብረት ብናኝ አለበት፣ ባሩን ይበላል፣ የዘይት ፓምፑን ይደፍናል፣ ከዚያም አልፎ ሰንሰለቱ ወደ ልብሳችሁና ቆዳችሁ የሚረጨው እሱን ነው። ውሎ አድሮ ለካንሰር የሚዳርግ ነገር እንዳለበት የታወቀ ነው። የባር ዘይት ካጣችሁ ያልተነካ 40 ቁጥር የሞተር ዘይት ይሻላል። መድረሱን ለማወቅ ሞተሩን አስነስተህ የባሩን ጫፍ ወደ ደረቅ ካርቶን አስጠጋ፣ ሳታስነካው ነዳጅ ስጥ። ካርቶኑ ላይ የዘይት መስመር ካልታየ የባሩ ቀዳዳ ተደፍኗል፣ በቀጭን ሽቦ ጥረገው።

ነዳጅን በተመለከተ ደግሞ፣ የማሽኑ መመሪያ 50 ለ1 ካለ 5 ሊትር ቤንዚን ላይ 100 ሚሊ የቱ ስትሮክ ዘይት ነው። 25 ለ1 ካለ 200 ሚሊ። በዓይን መገመት የለም፣ ልክ ያለው ዕቃ ያዙ። ለአራት ስትሮክ ሞተር የሚሸጥ ዘይት ለዚህ አይሆንም። ቤንዚን ሲጠፋ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ ነጭ ጋዝ ወይም ውሃ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል፣ ፒስተን የሚገድለው እንዲህ ያለው ነው። የደባለቃችሁትን ከወር በላይ አታቆዩት።

ከፍታም አለ። ሐዋሳ ከባህር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፣ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ወደ 17 በመቶ የሚጠጋው እዚህ አይገኝም። አየሩ ስለሚሳሳ ድብልቁ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ማርሚታው ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። በካቻቢቴ የካርቦራቶሩን ከፍተኛ ዙር ቪት ጥቂት በማጥበብ ይስተካከላል። ግን ይሄን የሚያውቅ ሰው ይሥራው። አብዝቶ ያጠበበ ሰው ሞተሩን በነዳጅና በዘይት እጥረት ያቃጥለዋል። መጀመሪያ ግን የአየር ፊልትሮውን አጽዱ፣ አንዳንዴ ችግሩ እሱ ብቻ ነው።

መካኒኩ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም፤ ሞተሩን አላየሁትም። ግን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ማርሚታውን የያዙትን ብሎኖች ፍታና አውጣው፣ በጭስ መውጫው ቀዳዳ ፒስተኑ ይታያል። ገመዱን ቀስ እያልክ እየሳብክ በባትሪ አብርተህ ጎኑን እይ። ለስላሳ ከሆነ ደህና ነው። ከላይ ወደ ታች የወረደ ጭረት ካለ ግን መካኒኩ ልክ ነው። ሌላው፣ ማጥፊያውን አጥፍተህ ቼይንሶውን በገመዱ መያዣ አንጠልጥለው፣ የኮምፕሬሽን ማቅለያ ቁልፍ ካለው ሳትነካው። እየያዘ እየለቀቀ በዝግታ ከወረደ ኮምፕሬሽን አለ። ዝም ብሎ ከተዘረገፈ ፋሻውም (የፒስተኑ ቀለበት) ፒስተኑም አልቀዋል። በዚህ ፈተና ከወደቀ ያኔ የማደሻውን ዋጋ ከሌላ ማሽን ዋጋ ጋር አወዳድር። ማሽኑ የታወቀ ስም ተለጥፎበት አስመስሎ የተሠራ ከሆነ ማደሱ ብዙ ጊዜ አያዋጣም፣ መለዋወጫው ልክ አይገጥምም።

ትልቁን 105 ሲሲ ውሰዱ ላላችሁ ልጅ መልሱ አይ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን የተሠራው ትልልቅ ግንድ ለመጣልና ጣውላ ለማውጣት ነው። ባርና ሰንሰለት ሳይገጠምለት 10 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ቀኑን ሙሉ ስትይዘው እጅህ ይዝላል፣ የዛለ እጅ ደግሞ ቼይንሶ መቆጣጠር አይችልም። የድሮው ንድፍ ከሆነ የሰንሰለት ፍሬን ላይኖረው ይችላል፣ ፍሬን የሌለውን ደግሞ በነጻ ቢሰጡህም አትቀበል። እናንተ የምትቆርጡት አጣናና ማገዶ ነው። ማሽን መቀየር ግድ ከሆነ ከ45 እስከ 60 ሲሲ፣ ከ40 እስከ 45 ሴንቲሜትር ባር፣ ፍሬኑ የሚሠራ፣ መለዋወጫው ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ የሚገኝ። በቃ። ዱልዱም ሰንሰለት 105 ሲሲ ላይ ብታስረው አጣሞ መቁረጡን አይተውም፣ በበለጠ ጉልበት ያጣምማል እንጂ።

ለቀጫጭኑ አጣና ደግሞ ሞተር ጭራሽ አያስፈልግም። ውፍረቱ ከ10 ሴንቲሜትር በታች ለሆነው ጥሩ የቀስት መጋዝ ይበቃል፣ ነዳጅ አይጠጣም፣ ጉቶውንም አያቆስልም። የጉቶው ነገር ገቢያችሁ ነው፣ ምክንያቱም ባህር ዛፍ የሚያቆጠቁጠው ከሱ ነው። ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ትንሽ ዘመም አድርጋችሁ፣ ቅርፊቱ ሳይላጥ በንጹሕ ቁረጡ። ዱልዱም ሰንሰለትና ገጀራ ቅርፊቱን ይተለትሉታል፣ የሚወጣው ቡቃያ ይሳሳል፣ አንዳንዱ ጉቶም ይደርቃል።

ትልቁን ማሽን ለመግዛት ያሰባችሁት ገንዘብ ካለ ወደ መከላከያ ይሂድ። የፊት መረብና የጆሮ መከላከያ ያለው ሄልሜት፣ ጠንካራ ቦት ጫማ፣ ጓንት፣ ከተገኘ ደግሞ የቼይንሶ ሱሪ። ሱሪው ውስጡ ረጃጅም ክር አለው፣ ሰንሰለቱ ሲነካው ክሩ ተጠምጥሞ ያቆመዋል። ጂንስ ይሄን አያደርግም። ሐዋሳ ገበያ ካጣችሁ አዲስ አበባ አስመጪዎች ጋ ጠይቁ። በሰንደል ጫማ ቼይንሶ የሚይዝ ሰው ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። የባሩ ጫፍ የላይኛው ሩብ ደግሞ እንጨት እንዳይነካ፤ መጋዙን ወደ ላይና ወደ አንተ መልሶ የሚወረውረው እሱ ቦታ ነው።

ዛፍ ስትጥሉም በአንድ ቁርጥ አትጣሉ። በሚወድቅበት በኩል ከውፍረቱ ሩብ የማይበልጥ አፍ ክፈቱ፣ ከኋላ ከአፉ ግርጌ ትንሽ ከፍ ብላችሁ ቁረጡ፣ መሃሉ ላይ ከውፍረቱ አንድ አሥረኛ ያህል እንጨት ማጠፊያ ሆኖ ይቅር። እሱን ከጨረስከው ዛፉ ወዳሻው ይሄዳል። ከኋላ ቁርጡ ውስጥ የምታስገቡት ሽብልቅ ፕላስቲክ ወይም እንጨት ይሁን፣ ብረት ከሰንሰለቱ ጋር አይገናኝ። ወንድምህም ሆነ ሌላ ሰው የዛፉን ቁመት እጥፍ ያህል ይራቅ። ያዘነበለ ባህር ዛፍ ከኋላ ሲቆረጥ ቁመቱን ተሰንጥቆ ወደ ቆራጩ ሊፈናጠር ይችላል፣ እንዲህ ያለውን ልምድ ላለው ሰው ተዉለት።

የግቢ ዛፉን ሥራ ግን አሁን አትጀምሩት። ማሳ ላይ ዛፍ መጣልና አጥር፣ ቆርቆሮና የመብራት ሽቦ መሃል ያለ ዛፍ ከላይ እየቆራረጡ ማውረድ አንድ ሥራ አይደለም። እሱ ገመድና የወገብ ቀበቶ፣ ለአንድ እጅ የሚመች የእጅ መጋዝ፣ ታች ሆኖ ገመዱን የሚይዝ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። መሰላል ላይ ቆሞ ቼይንሶ ማስነሳት ክልክል ነው፣ በእኔ ዘንድ ድርድር የለውም። ቅርንጫፉ ሽቦ አጠገብ ከሆነ የመብራት ኃይል ሠራተኞች መጥተው መስመሩን ሳያቋርጡ አትንኩት። ዛፉ የመንገድ ከሆነ፣ ወይም ዋንዛ፣ ዝግባ፣ የሐበሻ ጥድ ከሆነ፣ መጀመሪያ ቀበሌና ማዘጋጃ ቤት ጠይቁና ፈቃዱን በወረቀት ያዙ። ሙያውን የምር ከፈለጋችሁት ወንዶ ገነት የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የደን ኮሌጅ ቅርባችሁ ነው፣ አጭር ሥልጠና ካለ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ልኩ የሆነ አዲስ ሰንሰለት፣ ሁለት ክብ ሞረድ ከነጋይዱ፣ የጉብታ መለኪያ፣ ንጹሕ ዘይት። ባሩ ካጋደለ እሱንም። አዲሱን ሰንሰለት ገጥማችሁ፣ ቅርፊቱ የተላጠ ግንድ ላይ ሳትጫኑ ሞክሩት። ቀጥ ብሎ ካልወረደ የባሩን ቦይና በማርሚታው ቀዳዳ የሚታየውን ፒስተን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ከዚያ ስለ ሞተሩ እናወራለን።